ፍራክሽን 60 ኬክሮስን አንድ ቀን አላደርግ አለ፤ የፓይተን ባግ ነው?

ሾላ_ሜዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለና እርዱኝ።

የባሕረ ሐሳብ ማስሊያ በፓይተን እየጻፍኩ ነው። ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚያወጣው ክፍል አልቋል። እሱ ሁሉ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ አላስቸገረኝም፤ በ19 መግደፍ (አካፍሎ ቀሪውን መያዝ)፣ በ11 ማባዛት፣ በ30 መግደፍ ነው። ችግሩ የመጣው የጨረቃን ወር በኬክሮስ ልቆጥር ስል ነው። ለማታውቁት፣ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል። ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ ካልዒት 60 ሣልሲት፣ ሣልሲት 60 ራብዒት እያለ ይወርዳል። ለመነሻ የወሰድኩት የወር ርዝመት ከጥንት ባቢሎናውያን ጀምሮ የሚታወቀውን ነው፤ 29 ዕለት ከ31 ኬክሮስ ከ50 ካልዒት ከ8 ሣልሲት ከ20 ራብዒት።

ፍሎት (ኮምፒዩተር ነጥብ ያለበትን ቁጥር በግምት የሚይዝበት ዓይነት) ለእንዲህ ያለ ሂሳብ እንደማይታመን አውቃለሁ። 0.1 + 0.2 ብሎ 0.30000000000000004 ሲወጣበት ያልደነገጠ የለም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ፍራክሽን የሚባለውን የፓይተን ክፍልፋይ መረጥኩ። ክፍልፋዩን ላዕልና ታህት አድርጎ እንዳለ ነው የሚይዘው ተብሎ ነው የተማርኩት። አሁን ይህን ተመልከቱ፦

ኬክሮስ = ፍራክሽን(1/60)
ፕሪንት(ኬክሮስ * 60 == 1)
ፕሪንት(ኢንት(ኬክሮስ * 60))

የመጀመሪያው ፎልስ አለኝ። ሁለተኛው 0። ስድሳ ኬክሮስ ሞልቶ ዜሮ ዕለት! ኬክሮስ * 60ን ራሱን ሳትመው 72057594037927935/72057594037927936 ወጣ። ይባስ ብሎ ፍራክሽኑን አውጥቼ በተራ ፍሎት 1/60 * 60 ስል ትክክለኛው 1.0 መጣልኝ። የማይታመነው ልክ ሆኖ የሚታመነው እንዴት ይሳሳታል?

ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ። በየዓመቱ የሚተርፈው ሩብ ቀን 15 ኬክሮስ ነው። እሱንም በተመሳሳይ መንገድ ፍራክሽን(15/60) ብዬ ነው የጻፍኩት። በአራት ዓመት ተደምሮ ጳጉሜን 6ን ያለ ምንም ችግር ይሰጠኛል። ስህተቱ የሚታየው ጨረቃው ላይ ብቻ ነው። ያገኙትም እኔ አይደለሁም፤ ውጤቱን በወረቀት እያሰሉ የሚያዩልኝ የሰፈራችን መሪጌታ ናቸው። ኬክሮሱ ልክ ሲሞላ አንዲት ዕለት ትጎድልብሃለች አሉኝ። ላይብረሪው ላይ ባግ ካለ ሪፖርት ላድርግ?

ጥቁር_ሰሌዳ፦

ሪፖርት አታድርግ ወንድሜ። ቅንፉን እየው።

ፍራክሽን(1/60) ስትል መጀመሪያ የሚሰራው ቅንፉ ውስጥ ያለው 1/60 ነው። ፓይተን 3 ላይ ያ ማካፈል የሚሰጥህ ፍሎት ነው። ፍራክሽን ገና ሥራ ሳይጀምር ቁጥሩ ጎድሎ ደረሰው ማለት ነው። እሱ ያደረገው የተሰጠውን ፍሎት አንድ ቢት ሳይነካ ወደ ክፍልፋይ መገልበጥ ብቻ ነው። ፕሪንት(ፍራክሽን(1/60)) በል፤ 4803839602528529/288230376151711744 ታገኛለህ። ታህቱን ልብ በልልኝ። 2ን በራሱ 58 ጊዜ ስታባዛ የሚመጣው ቁጥር ነው። ፍሎት ታህቱ እንደዚህ በ2 ብቻ የተገነባ ክፍልፋይ ነው መያዝ የሚችለው። 60 ግን ውስጡ 3 እና 5 አሉበት። ስለዚህ 1/60ን በልኩ ሊይዘው አይችልም፤ ቅርብ የሆነውን ይወስዳል። የወሰደው ደግሞ ከእውነተኛው 1/60 በጣም በጥቂቱ ያንሳል። በ60 ሲባዛ ጉድለቱ 1/72057594037927936 ሆነ። ኢንት አያጠጋጋም፣ ይቆርጣል። ስለዚህ ያቺ ኢምንት ጉድለት ሙሉ ዕለት በላችብህ።

ፍሎቱ ለምን 1.0 አለህ? እሱም ያው የጎደለ 1/60 ነው የያዘው። ግን ሲያባዛ ውጤቱን እንደገና ያጠጋጋል። ከ1 በታች ያለው የመጀመሪያው ፍሎት ከ1 የሚርቀው በ1/9007199254740992 ነው። ያንተ ጉድለት የዚያ አንድ ስምንተኛ ነው። መሃል ላይ የሚቆምበት ቦታ ስለሌለ ወደ 1 ተጠጋ። አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፈነው እንጂ ልክ ሆኖ አይደለም። በሌላ ቁጥር ቢሆን ሁለቱ ስህተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሊገፉህ ይችሉ ነበር።

የጳጉሜኑ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። 15/60 ማለት 1/4 ነው፣ 0.25። ታህቱ 4 ስለሆነ ፍሎት በልኩ ይይዘዋል። 30 ኬክሮስም 45 ኬክሮስም እንዲሁ ይሰሩልሃል። እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ በሞከርክባቸው ቁጥሮች ሁሉ ልክ ሆኖ ይቆይና ሌላ ቦታ ይወጣል።

መድኃኒቱ አንድ ኮማ ናት። ፍራክሽን(1, 60) ብለህ ጻፍ። ወይም በጥቅስ ውስጥ ፍራክሽን('1/60')። አስርዮሽም ቢሆን በጥቅስ ስጠው። ፍራክሽን('0.1') ካልከው 1/10 ይልሃል፤ ጥቅሱን ካነሳህ ግን 3602879701896397/36028797018963968።

ወይራ፦

ኮዱ ረጅም ከሆነና ሁሉንም መቀየር ከሰለቸህ አቋራጭ አለ። ሊሚት_ዲኖሚኔተር() የሚል ሜተድ አለው። ፍራክሽን(1/60).ሊሚት_ዲኖሚኔተር() በለው፣ 1/60 ንጹሑን ይመልስልሃል። እኔ ሁልጊዜ የምጠቀመው እሱን ነው፣ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

ወይራ፣ ለሌላ ሥራ ይሁን፤ ለዚህ ግን እንዳይጠቀምበት እለምናለሁ። ሊሚት_ዲኖሚኔተር የጠፋውን ቁጥር አይመልስም። ታህቱ ከተወሰነ ቁጥር ከማይበልጥ ክፍልፋይ ውስጥ ለተሰጠው የሚቀርበውን ይፈልጋል። ግምት ነው። ካልነገርከው ደግሞ ጣሪያው 1000000 ነው። አሁን የእሱን አሃዶች ቁጠር። ኬክሮስ 1/60፣ ካልዒት 1/3600፣ ሣልሲት 1/216000፣ ራብዒት 1/12960000። ራብዒት ከጣሪያው በላይ ነው! ፍራክሽን(1/12960000).ሊሚት_ዲኖሚኔተር() ብትል የሚመጣው 0 ነው። ምክንያቱም ከ1/1000000 ይልቅ ዜሮ ይቀርበዋል። ኬክሮሱ ይስተካከልና ራብዒቱ በሙሉ ይጠፋል፤ ምንም ማስጠንቀቂያም አይሰጥህም። መሪጌታው ይህንንም በወረቀት ያገኙታል፤ እኛ ግን ስንት ጊዜ ፈጅተን እናገኘው ነበር?

ወይራ፦

የራብዒቱን አላሰብኩትም። ልክ ነህ። እኔ የምጠቀምበት ከሴንሰር ለሚመጣ ቁጥር ነው፤ እዚያ መጀመሪያም ግምት ስለሆነ አይጎዳም።

ሾላ_ሜዳ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጥቁር_ሰሌዳ። ሁሉንም ወደ ኮማ ቀየርኩት። 60 ኬክሮስ አሁን 1 ሆነ። ግን ወሮቹን ስደምር አሁንም መጨረሻ ላይ ረጅም አስርዮሽ ይመጣብኛል፤ ክፍልፋይ አይደለም። 354.8671... እያለ ነው የሚያትመው።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

አስርዮሽ ካተመ ፍራክሽን አይደለም ማለት ነው። የሆነ ቦታ ፍሎት ተቀላቅሎበታል። ፍራክሽንን ከፍሎት ጋር ስትደምር ፓይተን አይቆጣህም፣ ዝም ብሎ ውጤቱን ፍሎት ያደርገዋል። ኮዱ ውስጥ ነጥብ ያለበትን ቁጥር ሁሉ ፈልግ።

ሾላ_ሜዳ፦

አገኘሁት። ዕለቱን ከማታ ለማስጀመር ግማሽ ቀን የምደምርበት መስመር አለ፤ 0.5 ብዬ ነው የጻፍኩት። 0.5 እኮ ታህቱ 2 ነው፣ ፍሎት በልኩ ይይዘዋል ብዬ ነበር።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

0.5 ራሱ ልክ ነው፤ አልተሳሳትክም። ችግሩ ከእሱ ጋር የተደመረው ነገር ሁሉ ወደ ፍሎት መለወጡ ነው። ፍራክሽን(1, 2) አድርገው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲኖረኝ ቁጥር የሚቀበል አንድ ፈንክሽን ብቻ እጽፋለሁ፣ ፍሎት ከመጣበት ስህተት ብሎ እንዲቆም። በር ላይ ዘበኛ ማቆም ነው። ከዚያ በኋላ ውስጥ ያለውን አምናለሁ።

ሐይቅ_ዳር፦

ጥቁር_ሰሌዳ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን «ባግ አይደለም» በሚለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ላይብረሪው የሚሰራው እንደታሰበው ነው፣ እሺ። ነገር ግን አስተሳሰቡ ራሱ ሰው ይጥላል። ድሮ እኮ ፍራክሽን ፍሎትን በቀጥታ አይቀበልም ነበር። ፍራክሽን(0.1) ካልክ ስህተት ብሎ ይመልስሃል፤ የግድ ከፈለግህ ፍሮም_ፍሎት የሚል ለብቻው ነበረ። በቀጥታ መቀበል የጀመረው በ2.7 እና በ3.2 ነው፤ 3.2 የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ያ በር ተዘግቶ ቢቆይ ኖሮ ወንድማችን ሾላ_ሜዳ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ መልሱን ያገኝ ነበር፤ ሁለት ሌሊት አይፈጅም ነበር። ትክክለኛ ነኝ የሚል ዓይነት ትክክል ያልሆነ ነገር ሲሰጠው ዝም ብሎ መዋጡ ያሳስበኛል።

ይህን የምለው እኔም በሌላ ቋንቋ ስለተነካሁ ነው። ራኩን የሚያውቅ አለ? ቀድሞ ፐርል 6 የሚባለው ነው፤ በ2019 ነው ስሙ የተቀየረው። እዚያ 0.1 ብለህ ስትጽፍ ፍሎት አይደለም፤ ራት የሚባል ክፍልፋይ ነው። 0.1 + 0.2 == 0.3 ትሩ ይላል። 1/60ም ያለ ቅንፍና ያለ ኮማ ክፍልፋይ ሆኖ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሳየው በጣም ነው የወደድኩት፤ ይህ ሁሉ ጣጣ አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። ራት ላዕሉ የፈለገውን ያህል ማደግ ይችላል፤ ታህቱ ግን 64 ቢት ላይ ጣሪያ አለው። ከዚያ ካለፈ ውጤቱ ነም ወደሚባለው ተራ ፍሎት ይወርዳል። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያልክ ሂድ። 46 ላይ ስትደርስ ታህቱ 1345655451257488800 ነው፤ ገና ይችለዋል። 1/47ን ስትጨምር ታህቱ 63245806209101973600 መሆን ነበረበት። ጣሪያው 18446744073709551616 ስለሆነ አልፏል። ከ47ኛው ጀምሮ ያለው ድምር ፍሎት ነው። እኔ ይህን ያገኘሁት ከሃምሳ በላይ የሆኑ ድርሻዎችን ደምሬ 1 መሆናቸውን ሳረጋግጥ ነው። በጥቂት ሰው ስሞክረው ሁሌ ልክ ነበር። ዝርዝሩ ሲረዝም እኩል አይደለም ማለት ጀመረ። ሦስት ቀን ስህተቱን የፈለግሁት ድርሻ በሚያከፋፍለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ ዓይነቱን እንደቀየረ ጭራሽ አልጠረጠርኩም።

ፍለጋውን ያከበደብኝ ሌላም ነገር ነበር። ራኩ 1/3ን አትም ስትለው 0.333333 ብሎ ያሳይሃል። 333333/1000000ንም 0.333333 ነው የሚያሳይህ። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። ስለዚህ ፕሪንት እያደረግህ ስህተት ስትፈልግ ዓይንህ ያታልልሃል። ትክክለኛውን ላዕልና ታህት እንዲያሳይህ .ራኩ የሚለውን ሜተድ መጥራት አለብህ።

መፍትሔው ፋትራት የሚባለውን መጠቀም ነው፤ እሱ ታህቱ ጣሪያ የለውም። ወይም ራት-ኦቨርፍሎው የሚል ተለዋዋጭ አለ፤ ጣሪያው ሲያልፍ ወደ ፍሎት ከሚወርድ ስህተት እንዲያነሳ ወይም ወደ ፋትራት እንዲያልፍ ማዘዝ ይቻላል። ጥሩ ነው፣ ግን ማወቅ አለብህ። ጁሊያ በዚህ ትሻለኛለች። እዚያ ክፍልፋዩ የተሰራበት ኢንቲጀር ሲሞላ ኦቨርፍሎው ብላ ትጮኽና ትቆማለች። ያበሳጫል፣ ግን የተሳሳተ ቁጥር ይዘህ ወደ ቤትህ አትሄድም።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

የ3.2ቱን እንደዚያ አላየሁትም ነበር። እውነት ነው፣ ከሁለቱ ዝም ብሎ መቀበሉ ነው የሚጎዳው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በፓይተን ታህቱ ጣሪያ የለውም፣ የማስታወሻው አቅም እስከቻለ ያድጋል። ስለዚህ የራኩ ዓይነቱ ችግር ሾላ_ሜዳን አያገኘውም። እሱን ሊያገኘው የሚችለው መዘግየት ነው። ታህቶቹ የማይቀራረቡ ከሆኑ በየድምሩ እየረዘሙ ይሄዳሉ፤ በየደረጃውም ማቃለል አለ።

ነጌቭ_ላይ፦

ሁላችሁም ስለ ክፍልፋይ እያወራችሁ ነው፤ እኔ ግን ሾላ_ሜዳ ክፍልፋይ ጨርሶ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የምኖረው እስራኤል ነው፤ የዕብራውያንን ካሌንደር የሚያሰላ ኮድ ጽፌ ስለነበር ቁጥርህን ሳየው ወዲያው አወቅኩት። እዚህ የጨረቃ ወር 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ሐላቂም ነው። ሐላቂም የሰዓት 1/1080 ናቸው። በአንድ ቀን 25920 ሐላቂም አሉ፤ ወሩ በሙሉ ሲቆጠር 765433 ይሆናል። ያንተን 29 ዕለት ከ31 ኬክሮስ ከ50 ካልዒት ከ8 ሣልሲት ከ20 ራብዒት ወደ አንድ ክፍልፋይ አምጣው። 765433/25920 ነው የሚሆነው። አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ ያው ቁጥር! በሁለት የተለያየ አቆጣጠር ተጽፎ አንድ ሆኖ ሲገኝ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት።

የድሮ ሰዎች ኢንቲጀር ብቻ ነበር የሚቆጥሩት። ክፍልፋይ ሲመጣ አሃዱን አሳነሱት እንጂ ቁጥሩን አልሰበሩትም። ኬክሮስና ካልዒትም የተሰሩት ለዚህ ነው። አንተም እንደዚያ አድርግ። ሁሉንም በራብዒት ቁጠር። አንድ ዕለት 12960000 ራብዒት ነው። ወሩ 382716500 ራብዒት ነው። ደምረው፣ አባዛው፣ የፈለግኸውን አድርገው፤ ኢንቲጀር ስለሆነ አይዛነፍም። ማሳየት ስትፈልግ ብቻ በዲቭሞድ (አካፍሎ ድርሻውንና ቀሪውን በሚሰጠው ፈንክሽን) ወደ ዕለትና ኬክሮስ መልሰው። ብርን በሳንቲም እንደመያዝ ነው። ፍጥነቱም ከፍራክሽን ጋር አይወዳደርም።

ሐይቅ_ዳር፦

እህቴ፣ ይህ ከሁላችንም ይሻላል። ግን አሃዱ ከራብዒት በታች መውረድ ካስፈለገውስ? ኃምሲት ቢመጣበት ሁሉንም ሊቀይር ነው?

ነጌቭ_ላይ፦

በአንድ ዕለት ስንት ትንሽ አሃድ እንዳለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጻፈው። ኃምሲት ከመጣ ያንን በ60 ማባዛት ነው። የማይሆንለት ታህቱ በ60 ቤት የማይወድቅ ነገር ከመጣ ነው፤ ለምሳሌ 1/7 ወይም 1/19። ያኔ ፍራክሽን ትክክለኛው ምርጫ ነው፣ በኮማ ተጽፎ።

ሾላ_ሜዳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ መልስ ሁሉንም ወደ ራብዒት ቀየርኩት። የ12 ወር ድምር 4592598000 ራብዒት ወጣ። በዲቭሞድ ስመልሰው 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ከ1 ካልዒት ከ40 ሣልሲት ከ0 ራብዒት ሆነ። መሪጌታው በወረቀታቸው ያላቸው ይኸው ነው። ስልክ ደውዬ ሳነብላቸው እያንዳንዷን ቁጥር ደግመው አስነበቡኝ።

ፍራክሽኑን ግን አላጠፋሁትም። ቴስት አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ያው ሂሳብ በኮማ በተጻፈ ፍራክሽን ተሰርቶ ከኢንቲጀሩ ጋር እኩል ካልሆነ ይጮኻል። ከዚያ ሌላ 60 ኬክሮስ 1 ዕለት መሆኑን፣ አንድ ራብዒት ዜሮ አለመሆኑን የሚያዩ ሁለት ቴስቶች ጨመርኩ። የ19 ዓመቱን ዙር በሙሉ እያስሮጥኩት ነው፤ እስካሁን አልጮኸም። ጥቁር_ሰሌዳ ያልከውን በር ላይ የሚቆም ፈንክሽንም ጻፍኩ፤ ገና ሳስነሳው አንድ ሌላ የረሳሁትን 0.25 ያዘልኝ።